የመጀመሪያዋን ከተማ የት እንቆርቁር?

ሲቪላይዜሽን 6 የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ሲከፈት ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 4000 ነው። በእጃችሁ ያለው አንድ ሰትለር (ከተማ የሚቆረቁረው ሰፋሪ) እና አንድ ተዋጊ ብቻ ነው። ካርታው ከጥቂት ታይሎች፣ ማለትም ከተከፋፈለባቸው ባለ ስድስት ጎን ቁራሾች፣ በላይ አይታይም። ጨዋታው ግን ገና ከመጀመሩ ከባዱን ጥያቄ ያቀርባል፦ ከተማዋን የት ትቆረቁራላችሁ? ጀማሪ ተጫዋች እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ግራ ቀኙን ሳያይ ባለበት ይቆረቁራል። ሌላው «የተሻለ ቦታ አይጠፋም» እያለ ሰትለሩን አምስት ስድስት ተራ ያንከራትታል። የመጀመሪያው አንዳንዴ ይቀናዋል፤ ሁለተኛው ግን ያገኘው ቦታ ቢያምርም ብዙውን ጊዜ ከስሮ ነው የሚጀምረው።

ብዙ ሰው ቦታ ሲመርጥ ካርታውን በጅምላ ያያል፦ ተራራው፣ ወንዙ፣ ባሕሩ፣ ወደፊት የሚሠራው ድንቅ ሕንፃ። እርግጥ ከተማዋ ውሎ አድሮ እስከ ሦስተኛው ቀለበት ድረስ ያሉትን 36 ታይሎች ልታሠራ ትችላለች። ስትቆረቆር ግን የእሷ የሚሆኑት መሃሏና ዙሪያዋን የከበቧት ስድስት ታይሎች ናቸው። በእነዚህ ላይ የሚሠራው ሕዝብ ደግሞ ለብዙ ተራ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ሰው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 30 ተራዎች የሚወሰኑት በመሃሉ ታይልና በመጀመሪያው ቀለበት ባሉት ሁለት ምርጥ ታይሎች ነው። የቀረው በኋላ በገንዘብ፣ መሬት በሚያለማው ቢልደር ወይም በሁለተኛዋ ከተማ ይካካሳል።

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ጋዘሪንግ ስቶርም የተባለው የ2019 (እ.ኤ.አ.) ማስፋፊያ ላለው ሲቪላይዜሽን 6፣ በመደበኛው የ500 ተራ ፍጥነት ናቸው።

መሃሉ ምን ይሰጣል?

የከተማ መሃል በየትኛውም መሬት ላይ ቢያርፍ ቢያንስ 2 ምግብና 1 ፕሮዳክሽን (የከተማዋ የመሥራት አቅም) ይሰጣል። መሬቱ ከዚያ በታች ከሆነ ጨዋታው ይሞላለታል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ትርፉ የእናንተ ነው። ጨዋታው ግራስላንድ የሚለው አረንጓዴው ሜዳ 2 ምግብ ብቻ አለው፤ ከተማ ሲያርፍበት 2 እና 1 ይሆናል። ፕሌንስ የሚለው ገለባ የመሰለው ቢጫ ሜዳ 1 ምግብና 1 ፕሮዳክሽን ነው፤ እሱም ሲቆረቆርበት ያው 2 እና 1 ነው። አረንጓዴ ኮረብታ ከመነሻው 2 እና 1 ስለሆነ ምንም አይጨምርም። ቢጫ ኮረብታ ግን 1 ምግብና 2 ፕሮዳክሽን አለው። ምግቡ ወደ 2 ይሞላለትና መሃሉ 2 እና 2 ይሆናል። ነባር ተጫዋቾች ቢጫ ኮረብታ ባዩ ቁጥር ዓይናቸው የሚበራው ለዚህች ለአንድ ተጨማሪ ፕሮዳክሽን ነው።

አንዷን ፕሮዳክሽን አትናቋት። ዋና ከተማ ከቤተ መንግሥቱ 2 ፕሮዳክሽን ታገኛለች። ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ዋና ከተማ ሰው ታይል ላይ ሳይሠራ በፊት 3 አላት፣ ቢጫ ኮረብታ ላይ ያለችው ግን 4። በሦስት ላይ አንድ መጨመር ማለት ሲሶ መጨመር ነው። በኋለኛው ዘመን ከተማዋ 60 ፕሮዳክሽን ስታወጣ ያቺን አንድ ማንም አያስታውሳትም፤ እዚህ ግን ቶሎ በመስፋፋትና በመዘግየት መካከል ያለው ልዩነት እሷ ነች።

ሁለት ነገር ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። አንደኛው ደን ነው። ከተማ ደን ላይ ሲቆረቆር ደኑ ይመነጠራል፣ የደኑ ፕሮዳክሽንም አብሮ ይጠፋል። በደን የተሸፈነ ቢጫ ኮረብታ ሰው ሲሠራበት 1 ምግብና 3 ፕሮዳክሽን የሚሰጥ ውድ ታይል ነው፤ ከተማ ስታሳርፉበት ግን ተራ ቢጫ ኮረብታ ይሆናል። ሌላ የተራቆተ ኮረብታ አጠገቡ ካለ ደኑን ለሠራተኛ ተዉት።

ሁለተኛው ሀብት ያለበት ታይል ነው። በግ ያለበት ቢጫ ኮረብታ ላይ መቆርቆር በጉን ማባከን ነው፤ በጉ የሚጨምረውን 1 ምግብ ጨዋታው በነፃ ሊሞላላችሁ ነበርና። የቅንጦት ሀብት ግን ሌላ ነገር ነው። ቡና ለታይሉ 1 ባህል ይጨምራል፣ ከተማ ሲያርፍበትም ያ ባህል ከመሃሉ አይጠፋም፣ የቢልደርም ጉልበት ይተርፋል። (ሲዳማ ውስጥ ተቀምጦ ቡና ላይ ከተማ መቆርቆር ያስጎመጃል። መሬቱ ሜዳ ከሆነና አጠገቡ ቢጫ ኮረብታ ካለ ግን ኮረብታው ይቅደም፤ ቡናው ከመጀመሪያው ቀለበት የትም አይሄድም።)

ውሃ

ሰትለሩን ስትመርጡ ካርታው ቀለም ይለብሳል። ደማቅ አረንጓዴ ማለት ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም ኦአሲስ አጠገቡ ያለ፣ የሚጠጣ ውሃ ያለበት ታይል ነው። ፈዘዝ ያለው አረንጓዴ የባሕር ዳርቻ ነው። ግራጫው ውሃ የሌለው ነው። ቀዩ መቆርቆር የማይቻልበት ነው።

ውሃ የሚወስነው መኖሪያን፣ ማለትም ከተማዋ ያለ ችግር የምትችለውን የሕዝብ ብዛት ነው፦ የሚጠጣ ውሃ 5 መኖሪያ ይሰጣል፣ የባሕር ዳርቻ 3፣ ደረቅ ቦታ 2። ዋና ከተማ ከቤተ መንግሥቱ አንድ መኖሪያ ትጨምራለች። ሕዝቡ ከመኖሪያው በአንድ ብቻ ሲያንስ ዕድገቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ እኩል ሲሆን ሩብ ብቻ ይቀራል፤ በአምስት ሲበልጥ ዕድገቱ ጭራሽ ይቆማል። ደረቅ ቦታ ላይ ያለች ዋና ከተማ 3 መኖሪያ ስላላት ገና ሕዝቧ 2 ሲሆን ማዝገም ትጀምራለች። ሐይቅ ዳር ያለችው እስከ 4 ድረስ በሙሉ ፍጥነት ትሄዳለች፤ የምታዘግመው 5 ላይ ስትደርስ ነው።

መድኃኒት የለውም ማለት አይደለም። ጎተራ 65 ፕሮዳክሽን ያስወጣና 2 መኖሪያ ይጨምራል። አኩዳክት የተባለው የውሃ ማስተላለፊያ ደግሞ የደረቅ ከተማን የውሃ መኖሪያ ወደ 6 ከፍ ያደርጋል፤ አስቀድሞ የሚጠጣ ውሃ ላላት ከተማ ግን የሚጨምረው 2 ብቻ ነው። ችግሩ አኩዳክት የኢንጂነሪንግን ጥናት መጠበቁና ቦታ መምረጡ ነው፦ በአንድ ጎኑ የከተማውን መሃል፣ በሌላ ጎኑ ወንዝ፣ ሐይቅ፣ ኦአሲስ ወይም ተራራ መንካት አለበት። ውሃው ከሁለተኛው ቀለበት ከራቀና አጠገብ ተራራ ከሌለ አኩዳክት የሚባል ነገር አይታሰብም።

አዳማ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። የባቡር ጣቢያ ሆና ያደገች የመተላለፊያና የንግድ ከተማ ናት፤ ወንዝ መሃሏን አያቋርጥም፣ የመጠጥ ውሃዋም ከአዋሽ ተስቦ ነው የሚመጣው። በእውነተኛው ዓለም ይህ ሠርቷል። በጨዋታው ግን የመጀመሪያ ከተማችሁን እንዲህ ያለ ቦታ ብታስቀምጡ የባቡር ሐዲዱ እስኪመጣ ሺህ ዓመታት ትጠብቃላችሁ። አዳማን የመሰለ ቦታ ለአራተኛ ወይም ለአምስተኛ ከተማ ነው የሚሆነው፤ ያኔ አኩዳክት አለ፣ የንግድ መሥመርም አለ።

ሐዋሳን ካርታው ላይ እናስቀምጣት

ስሌቱ በምሳሌ ይሻላል። የሐዋሳን መልክዓ ምድር ወስደን፣ ርቀቱንና ደኑን ለጨዋታው እንዲመች አድርገን በባለ ስድስት ጎን ታይሎች እንሸንሽነው። ሰትለሩ ፒያሳ ላይ ቆሟል፤ ታይሉ አረንጓዴ ሜዳ ነው፣ ውሃ አይነካም። በስተ ምዕራብ አንድ ታይል ርቆ ሐይቁን የሚነካ ሌላ አረንጓዴ ሜዳ አለ፤ ፍቅር ሐይቅ እንበለው። በደቡብ ምዕራብ፣ እሱም አንድ ታይል ርቆ፣ ታቦር አለ። በልማድ ተራራ እንለዋለን እንጂ በጨዋታው አከፋፈል ቢጫ ኮረብታ ነው፤ ሐይቁንም ይነካል። ከታቦር በስተ ደቡብ ወደ አላሙራ አቅጣጫ በደን የተሸፈኑ ሁለት ኮረብታዎች አሉ፤ አንዱ አረንጓዴ፣ 2 ምግብና 2 ፕሮዳክሽን፣ ሌላው ቢጫ፣ 1 እና 3። በሰሜን ምሥራቅ ሁለት ታይል ርቆ የጥቁር ውሃ ወንዝ ይፈሳል፤ ዳርቻው ሜዳ ነው፣ አጠገቡም 3 ምግብ የሚሰጥ ሩዝ አለ።

አራት ምርጫ አለ። ፒያሳ ወዲያው ይወድቃል፦ ውሃ የለውም፣ ፍቅር ሐይቅ ደግሞ ምንም ተራ ሳያስከፍል ይደረስበታል። ሰትለር በአንድ ተራ 2 የጉዞ ነጥብ አለው። ሜዳ 1 ነጥብ ስለሚያስከፍል አንድ ሜዳ ተራምዶ በቀረችው ነጥብ በዚያው ተራ መቆርቆር ይቻላል። ኮረብታ ግን 2 ነጥቡንም ይበላል፤ ታቦር ላይ የሚቆረቆረው በሁለተኛው ተራ ነው። ጥቁር ውሃም ሁለት ሜዳ ስለሆነ እንደዚሁ።

ፍቅር ሐይቅን እንይ። መሃሉ 2 እና 1፣ ከቤተ መንግሥቱ ጋር 3 ፕሮዳክሽን። ከስድስቱ ጎረቤቶቹ ሦስቱ ውሃ ናቸው። የሐይቅ ታይል የሚሰጠው 1 ምግብና 1 ወርቅ ብቻ ነው፤ ለዓይን ያምራል፣ ለሥራ ግን ደካማ ነው። የመጀመሪያው ሰው ታቦር ላይ ቢሠራ (1 እና 2) ፕሮዳክሽኑ 5 ይሆናል። ምግቡ 3 ይሆንና ሰውየው 2 ይበላል፣ የሚተርፈው 1 ነው። ሕዝቡ ከ1 ወደ 2 ለማደግ 15 ምግብ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ 15 ተራ። ከዚያ ሁለተኛው ሰው አረንጓዴ ሜዳ ላይ ይገባል፣ ፕሮዳክሽኑ እዚያው 5 ላይ ይቀራል። ሰትለር 80 ፕሮዳክሽን ነው፣ ሕዝቡም ቢያንስ 2 ካልሆነ አይሠራም። ከተራ 16 ጀምሮ ሌላ 16 ተራ ሲጨመር ሁለተኛው ሰትለር ተራ 32 አካባቢ ይወጣል።

ታቦር ላይ አንድ ተራ ከፍላችሁ ትጀምራላችሁ። መሃሉ 2 እና 2፣ ከቤተ መንግሥቱ ጋር 4 ፕሮዳክሽን። የመጀመሪያው ሰው በደን የተሸፈነው አረንጓዴ ኮረብታ ላይ ይገባል፦ ፕሮዳክሽን 6፣ ትርፍ ምግብ 2። ሁለተኛው ሰው በ8 ተራ ይወለዳል፣ ይህም ተራ 10 ገደማ ነው። እስከዚያ 30 ፕሮዳክሽን የሚፈጀው ስካውት (ካርታውን የሚያስሰው ቃኚ) በ5 ተራ አልቆ ወንጭፈኛ ተጀምሯል። ሁለተኛው ሰው ቢጫው ደን ላይ ሲገባ ፕሮዳክሽኑ 9 ይደርሳል፣ ሰትለሩም በ9 ተራ ያልቃል። ተራ 19 ወይም 20 ማለት ነው፤ የጀመራችሁትን ወንጭፈኛ ካስቀደማችሁ ሁለት ተራ ጨምሩበት። አንዲት ተራ የጠፋባት ከተማ ሁለተኛዋን ከተማ ከ10 ተራ ያላነሰ ቀድማ ትልካለች።

ጥቁር ውሃ ጀማሪን የሚያታልል ቦታ ነው። ወንዝ አለ፣ ሩዝ አለ፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ሩዙ ላይ የገባ ሰው ትርፍ ምግቡን 3 ያደርሳል፤ በ5 ተራ ሁለተኛው ሰው ይወለዳል። ፕሮዳክሽኑ ግን 3 ነው፣ ሁለተኛው ሰው አረንጓዴ ሜዳ ላይ ሲገባም 3 ነው። ስካውት 10 ተራ፣ ሰትለር 27 ተራ። ሕዝብ አለ፣ ሥራ የለም። ብዙ ሰው «ከተማዬ ቶሎ አደገች፣ ግን ለምን ወደኋላ ቀረሁ?» የሚለው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። በመጀመሪያው ቀለበት መፈለግ ያለበት 2 እና 2 የሆነ ታይል ነው፤ እሱ ከተገኘ በኋላ 1 እና 3 ወይም 3 እና 1 የሆነ አንድ ይጨመርበት። 3 እና 0 ብቻውን ሲሆን ወጥመድ ነው።

ይሁንና ጥቁር ውሃን ጨርሶ አንጥለውም። ኮመርሻል ሀብ የተባለው የንግድ ዲስትሪክት (የራሱ ታይል ላይ የሚሠራ የከተማ ክፍል) ወንዝ ከነካ 2 ወርቅ ይጨመርለታል፤ ስለዚህ ቦታው ለሁለተኛ ከተማ ጥሩ ነው። እዚህ ላይ ግን ርቀት መቁጠር ያስፈልጋል። በሁለት ከተሞች መካከል ቢያንስ 3 ባዶ ታይል መኖር አለበት፤ ሁለተኛዋ በአራተኛው ታይል ላይ ነው የምትቆረቆረው። ታቦር ከፒያሳ አንድ ታይል ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ የወንዙ ዳርቻ ሁለት ታይል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ከታቦር ሲቆጠር ሦስተኛው ታይል ላይ ይውላል፣ ቀይም ይሆናል። አንድ ታይል ወደ ላይ፣ ወንዙን ተከትሎ መሄድ ግድ ነው። የመጀመሪያዋን ስትቆረቁሩ የሁለተኛዋን ቦታ በካርታው ፒን ምልክት ካላደረጋችሁ አንዲት ታይል ስታንስ ያን ጊዜ ነው የምታውቁት።

መንቀሳቀስ ምን ያስከፍላል?

ታቦር አንድ ተራ መክፈል አዋጥቶታል። ሦስት ቢሆንስ? ዋና ከተማ ከመጀመሪያዋ ተራ ጀምሮ 2.5 ሳይንስ፣ 1.3 ባህልና 5 ወርቅ ታስገባለች። የማይኒንግ ወይም የፖተሪ ጥናት 25 ሳይንስ ስለሆነ 10 ተራ ይወስዳል፤ የመጀመሪያው የባህል ዕርምጃ ኮድ ኦፍ ሎውስ 20 ባህል ስለሆነ 16 ተራ። ሦስት ተራ መንከራተት እነዚህን ሁሉ በሦስት ተራ ያዘገያል፤ ፕሮዳክሽኑንም ዕድገቱንም እንደዚሁ። ቢጫ ኮረብታ፣ ውሃና 2 እና 2 የሆነ ታይል አንድ ላይ ካገኛችሁ ሁለት ተራ መክፈል ያዋጣል። ሦስተኛዋ የምትከፈለው አሁን ያላችሁበት ቦታ በረሃ ወይም ታንድራ የሚባለው ቀዝቃዛ መሬት ከሆነ ብቻ ነው። ከሦስት በላይ መሄድ ግን፣ በግልጽ እንናገር፣ ቁማር ነው።

ከመንቀሳቀስ በፊት ተዋጊውን አስቀድሙ። እሱ የትም ቢሄድ ኪሳራ የለውም። ሰትለሩ ሊሄድበት ወዳሰበው አቅጣጫ፣ በተለይ ኮረብታ ላይ ይውጣ። የሚገለጠውን መሬት ካያችሁ በኋላ ነው ሰትለሩን የምትነኩት። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ሰትለሩን ጨለማ ውስጥ ይልክና ተዋጊው ቆሞ ይቀራል።

ስለ ብረትና ፈረስ አትጨነቁ። ፈረስ የሚታየው አኒማል ሀስባንድሪ፣ ብረት ብሮንዝ ወርኪንግ ከተጠና በኋላ ነው፤ የድንጋይ ከሰልና ዘይቱ ከዚያም እጅግ ይዘገያሉ።

ዲስትሪክቶችን ለማሰብ ያህል

አንዲት ከተማ ሕዝቧ 1 ሲሆን አንድ ዲስትሪክት፣ 4 ሲሆን ሁለት፣ 7 ሲሆን ሦስት መሥራት ትችላለች። ስለዚህ በመጀመሪያው ተራ ስለ ስድስት ዲስትሪክት ማለም ከንቱ ነው፤ ስለ አንዱ ወይም ስለ ሁለቱ ማሰብ ግን ይበጃል። ካምፓስ የተባለው የሳይንስ ዲስትሪክት ለሚነካው ለእያንዳንዱ ተራራ 1 ሳይንስ ያገኛል፤ ሙቅ ጭስ የሚወጣበትን የምድር ስንጥቅ ከነካ ደግሞ 2። ከሐዋሳ ካርታ ላይ ወንዶ ገነትን የመሰለ ፍል ውሃ በሦስተኛው ቀለበት ውስጥ ቢገባ የካምፓሱን ቦታ ዛሬውኑ በፒን ያዙት።

ስህተቱ የሚመጣው ከተማውን ራሱን ተራሮች መካከል በመሸጎጥ ነው። ተራራ ታይል ላይ ሰው ሊሠራበት አይችልም። ከስድስቱ ሦስቱ ተራራ ከሆኑ ቀለበታችሁ ግማሹ ሞቷል፤ ለካምፓስ ምርጥ የሚሆነውንም ታይል በከተማ መሃል ደፍናችሁታል። ተራራ በሁለተኛው ቀለበት ሲሆን ነው የሚያምረው።

ባሕር ላይ የመጣ ሰው ወይ ዳርቻው ላይ ይቆርቁር ወይ ፈጽሞ ይራቅ። ከባሕር አንድ ታይል ገባ ብሎ መቆርቆር ከሁለቱም ያጣ ነው፦ መሃሉ መርከብ አያወጣም፣ ሃርበር የተባለው የወደብ ዲስትሪክት የከተማ መሃል ሲነካ የሚያገኘውን 2 ወርቅ ያጣል፣ የሴይሊንግን ጥናት የሚያፋጥነው የዳርቻ ከተማም አልተቆረቆረም።

በጋዘሪንግ ስቶርም ወንዝ ዳር ያሉ የጎርፍ ሜዳዎች ይጥለቀለቃሉ። ጎርፉ እርሻ ያፈርሳል፣ ሲብስም ሰው ይወስዳል፤ ሲሸሽ ደግሞ አፈሩን ያለመልመዋል። ለመጀመሪያ ከተማ ይህ የሚያስፈራ አይደለም። ሐይቅ በጨዋታው አይሞላም፤ መውጫ ወንዝ የሌለውና ከፍ ሲል ዳርቻውን የሚጋፋውን የሐዋሳን ሐይቅ ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ያስቃል። እሳተ ገሞራም እንደ ጎርፉ ነው፦ ከመጀመሪያው ቀለበት ይራቅ እንጂ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀለበት ከጥፋቱ ጥቅሙ ያመዝናል።

ደንቡን የሚያፈርሱ ሕዝቦች

ከመጀመራችሁ በፊት የያዛችሁትን መሪ ችሎታ አንብቡ፤ አንዳንዱ ከላይ ያልነውን ይገለብጠዋል። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የመጣችው በዳግማዊ ምኒልክ የምትመራው ኢትዮጵያ ኮረብታ ላይ የተቆረቆሩ ከተሞቿ ከሚያመነጩት እምነት 15 በመቶውን ያህል ሳይንስና ባህል ታገኛለች። ከዓለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያኗም ኮረብታ ወይም የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ይሠራል፣ በዙሪያው ላለ ለእያንዳንዱ ኮረብታና ተራራ እምነት ይጨምራል። ስለዚህ ለምኒልክ አረንጓዴ ኮረብታም ከሜዳ ይበልጣል። ልብ በሉ፣ በመጀመሪያው ተራ እምነት ዜሮ ነው፣ የዜሮ 15 በመቶም ዜሮ ነው። ጥቅሙ የሚመጣው በኋላ ነው፤ ከተማዋ ግን ከሜዳ ወደ ኮረብታ ልትዛወር አትችልም። (እውነተኛው ምኒልክ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃው ሜዳ እንደወረዱ ስናስብ ጨዋታው ነገሩን ገልብጦታል።)

የማያዋ እመቤት ስድስት ሰማይ ከውሃ መኖሪያ አታገኝም፤ መኖሪያዋ ከእርሻ ነው። ሌሎች ከተሞቿ ከዋና ከተማዋ በ6 ታይል ውስጥ ከሆኑ ምርታቸው ላይ በመቶ 10 ይጨመርላቸዋል፣ ከዚያ ውጭ ከሆኑ በመቶ 15 ይቀነስባቸዋል። ለእሷ ዋናው ጥያቄ ዙሪያው ስንት ከተማ ይችላል የሚለው ነው። የማሊው ማንሳ ሙሳ መሃሉን ለሚነካው ለእያንዳንዱ በረሃ 1 ምግብና 1 እምነት ስለሚያገኝ ሌላው የሚሸሸውን ይፈልጋል። የማኦሪው ኩፔ በባሕር ላይ ይጀምራል፣ እስኪቆረቁርም በየተራው 2 ሳይንስና 2 ባህል ያገኛል፤ እሱ ብቻ ቢንከራተት ያምርበታል።

ኮምፒዩተሩ ከባድ ጨዋታ የማይችል ሰው ስልኩ ላይ የሚያወርደው ዩንሲቭ የተባለው ነፃ ጨዋታ የአምስተኛውን ሲቪላይዜሽን ደንብ ነው የሚከተለው። እዚያ መኖሪያ የሚባል ነገር የለም፤ ሕዝቡን የሚገታው የደስታ መጠን ነው። ስለዚህ የውሃ ክብደት ይቀንሳል፣ ኮረብታ ግን ቀለሙ ምንም ይሁን ምን መሃሉን 2 እና 2 ያደርገዋል። የርቀቱ ነገር ያው ነው።

ከተቆረቆረ በኋላ ወዲያው

ቦታ መርጦ ካበቃ በኋላ ስሌቱን የሚያበላሽ አንድ ነገር አለ። ጨዋታው የመጀመሪያውን ሰው ራሱ ነው የሚመድበው፣ ብዙ ጊዜም ወደ ምግብ ያደላል። ታቦር ላይ ቆርቁራችሁ ሰውየው አረንጓዴው ሜዳ ላይ ከተቀመጠ ፕሮዳክሽኑ 6 መሆኑ ቀርቶ 4 ነው። የከተማዋን ፓነል ክፈቱ፣ የዜጎች ምደባን ተጫኑ፣ የፈለጋችሁትን ታይል ንኩ፤ የቁልፍ ምልክት ይታይበታል። ሁለተኛው ሰው ሲወለድ እንደገና እዩት። ሰትለር ወጥቶ ሕዝቡ ከ2 ወደ 1 ሲወርድም እዩት፤ የቀረው ሰው 2 እና 2 የሆነው ታይል ላይ መቆየቱን አረጋግጡ። ቀጣዩ ሰትለር ዋጋው 110 ሆኗል።